የሕፃናት በጀትና የጣና ዳር ወራት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የተላኩት በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ ወረዳዎች ሕፃናትን በሚረዱ ድርጅቶች ውስጥ ከሚሠሩ የሒሳብ ሹሞችና የፕሮግራም አስተባባሪዎች ሲሆን፣ አንዱ ግን ከአንዲት እናት የመጣ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የጠያቂዎቹንና የድርጅቶቻቸውን ማንነት የሚያመለክተውንም አውጥቻለሁ። እኔም በዚሁ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየሁ በመሆኔ፣ አንዳንዱ መልስ ከመመሪያ ይልቅ በራሴ ላይ ከደረሰው የተቀዳ ነው።

«የለጋሻችን የበጀት ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው፤ የእኛ ሥራ ግን በትምህርት ዘመኑ ይመራል። በመጀመሪያዎቹ ሩብ ዓመታት ‹ወጪያችሁ ከዕቅዱ በታች ነው› ይሉናል፤ በሦስተኛው ደግሞ ‹ለምን አብዝታችሁ አወጣችሁ› የሚል ደብዳቤ ይደርሰናል። ምን እናድርግ?» — የፕሮግራም አስተባባሪ፣ ከባሕር ዳር

ከደብዳቤዎ ጋር የላኩልኝን የበጀት ሠንጠረዥ አይቼዋለሁ፤ ጥፋቱ ያለው በወጪያችሁ ላይ ሳይሆን ዓመታዊውን ገንዘብ ለ12 ወራት እኩል ያካፈለው ሰው ላይ ነው። ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይና የጥበቃ ክፍያ በየወሩ እኩል ይወጣሉ፤ ደብተርና የደንብ ልብስ ግን በየካቲት የሚገዛ የለም። የትምህርት ቁሳቁስ በነሐሴ ተገዝቶ በመስከረም መጀመሪያ ልጁ እጅ መግባት አለበት፤ ይህም በለጋሻችሁ አቆጣጠር ሦስተኛው ሩብ ዓመት ነው። በዚያው ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ረባዳ ቀበሌዎች ሲያጥለቀልቁ የብርድ ልብስ፣ የውኃ ማከሚያና የአልሚ ምግብ ወጪ አንድ ላይ ይመጣል፤ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ ያለቀበትና አዲሱ ያልደረሰበት ጊዜም ይኸው ነው። በአንጻሩ የመማሪያ ክፍል ወይም የመጸዳጃ ቤት ግንባታ ከጥር እስከ ግንቦት ካላለቀ፣ አሸዋ የጫነ መኪና በሐምሌ የፎገራን ጥቁር አፈር ተሻግሮ ስለማይገባ፣ ሥራው ወደ ኅዳር መሻገሩ አይቀርም፤ ኅዳር ከተሻገረም የበጀት ዓመቱ አፋፍ ላይ ደርሳችኋል ማለት ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን የበጀት መስመር ለብቻው በወራት ከፋፍሉት፤ ከጎኑም ለምን በዚያ ወር እንደተያዘ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለጋሹ ቢሮ የተቀመጠው ሰው ነሐሴ በጣና ዳር ምን እንደሚመስል የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያውቀው የምትጽፉለትን ብቻ ነው። ውል በጥር ተፈርሞ የመጀመሪያው ገንዘብ በመጋቢት መጨረሻ ቢገባ፣ የግንባታው ወር መጥበቡን በዚያው በመጋቢት አሳውቁ። በመጋቢት የተነገረ መዘግየት የዕቅድ ማስተካከያ ይባላል፤ በታኅሣሥ ሲነገር ግን በኦዲተሩ ሪፖርት ላይ እንደ ግኝት ይሰፍራል።

የዘመን አቆጣጠራችን ጉዳይ በዚህ አያበቃም። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ ኦዲተር ከሰበሰብኳቸው ደረሰኞች አንዱን ይዞ «ይህ ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት የተገዛ ዕቃ ነው» አለኝ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው 12/4/2010 ነበር፤ እኔ ታኅሣሥ 12 ብዬ የማነበውን እሱ የ2010 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል አድርጎ አንብቦታል፤ ትክክለኛው ቀን ግን በእነሱ አቆጣጠር ዲሴምበር 21 ቀን 2017 ነበር። ነገሩን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ የክፍያ ማዘዣ ላይ ሁለቱንም ቀን የመጻፍ ልማድ አበጀሁ፤ ለሒሳብ ሹሞችም የምመክረው ይህንኑ ነው። የዓመቱን ሒሳብ ስትዘጉም ዲሴምበር 31 ማለት ታኅሣሥ 22 (በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 21) መሆኑን ለንብረት ያዡም፣ ለሾፌሩም፣ ቅድሚያ ክፍያ ለወሰደው ባለሙያም አስቀድማችሁ ንገሩ። በታኅሣሥ 25 የሚመጣ የነዳጅ ደረሰኝ ለማንኛችሁም ደስታ አይሰጥም።

«ፕሮጀክታችን በ40,000 ዶላር የተፈረመው አንዱ ዶላር በ57 ብር ታስቦ ነው። ሁለተኛው ክፍያ፣ 20,000 ዶላር፣ የተመነዘረልን በ110 ብር ነው። ትርፉን ለሠራተኞች ደመወዝ ጭማሪ ልናውለው እንችላለን?» — ሒሳብ ሹም

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬውን በገበያ እንዲወሰን ከለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፤ በዚያ ጊዜ ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ የሒሳብ ክፍል መኖሩን እጠራጠራለሁ። በእናንተ ስሌት ከሁለተኛው ክፍያ የጠበቃችሁት 1,140,000 ብር ነበር፤ የገባላችሁ 2,200,000 ብር ነው፤ ልዩነቱም 1,060,000 ብር ይሆናል። በመጀመሪያ ግን «ትርፍ» የሚለውን ቃል ተዉት። ይህ የምንዛሬ ልዩነት ነው፤ ባለቤቱም ድርጅቱ ሳይሆን ፕሮጀክቱ ነው።

ውላችሁ የተፈረመው በዶላር ከሆነ 20,000ው ዶላር በሙሉ ለተፈረመበት ሥራ መዋል አለበት፤ በብር ከሆነ ደግሞ ለጋሹ ቀጣዩን ክፍያ ቀንሶ ሊልክ ይችላል። አስቀድሞ መነበብ ያለበት ውሉ ነው። ቀጥሎ ዋጋዎቻችሁን እንደገና ሰብስቡ፤ ከውጭ የሚገባው አልሚ ምግብ፣ መድኃኒት፣ የመኪና ጎማና ነዳጅ በአሮጌው ዋጋ አይገኝምና ከልዩነቱ ከፊሉን የዋጋው ንረት ይበላዋል። አዲስ ፕሮፎርማ (የአቅራቢዎች የዋጋ ማቅረቢያ) ከተሰበሰበ በኋላ የተረፈው ስንት እንደሆነ ሲታወቅ፣ ብዙ ሕፃናትን ለመድረስ ወይም የጎደለ ሥራ ለመሙላት የተከለሰ በጀት አዘጋጅታችሁ በጽሑፍ አስፈቅዱ። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ያለ ፈቃድ ማዛወር የሚቻለው ገደብ በየውሉ ይለያያል፤ 10 በመቶ የተለመደ ነው ብላችሁ ሳታነቡ አትነሡ።

ደመወዙን በተመለከተ ያለኝን ሐሳብ ሳልሸፍን ልናገር። ኑሮ ሲወደድ ሠራተኛ ጭማሪ መጠየቁ ፍትሐዊ ነው፤ ዘጌና ደቅ የሚመላለስ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ልጆቹን በባዶ ኪስ አያሳድግም። ነገር ግን የምንዛሬ ልዩነት አንድ ጊዜ የመጣ ገንዘብ ነው፤ ደመወዝ ደግሞ አንዴ ከወጣ አይወርድም። ጭማሪው ለፕሮጀክቱ ቀሪ ዘመን በሙሉ የሚበቃ ከሆነና ለጋሹ በጽሑፍ ከተስማማ አድርጉት፤ ካልሆነ በስምምነት የሚከፈል ጊዜያዊ የኑሮ ውድነት ድጎማ ይሻላል። ሪፖርቱን ስታዘጋጁም በዕለቱ የባንክ ተመን አትመንዝሩ። ወጪውን ገንዘቡ በገባበት ተመን አስሉት፤ የመጀመሪያው ክፍያ እስኪያልቅ በ57፣ ከዚያ በ110 ወይም እንደየክፍያዎቹ መጠን በተመዘነ የሁለቱ አማካይ። ከሁለቱ አንዱን መርጣችሁ በፋይናንስ መመሪያችሁ ውስጥ አስፍሩ፤ በየሩብ ዓመቱ የሚቀያየር ስሌት ከስህተትም በላይ ጥርጣሬን ይጠራል።

«በጀልባ ወደ ደሴቶቹና ወደ ዘጌ እንሄዳለን፤ በየገበያው የጉልበት ሠራተኛና የአህያ ጭነት እንከፍላለን። ደረሰኝ የሚሰጥ የለም፤ ኦዲተሩም ወጪውን ውድቅ ያደርገዋል።» — ገንዘብ ያዥ

ኦዲተሩ ወጪውን ውድቅ የሚያደርገው ደረሰኝ ስለሌለው ብቻ ሳይሆን፣ ደረሰኝ በሌለበት ጊዜ ምን እንደምታደርጉ የሚገልጽ መመሪያ ስለሌላችሁም ጭምር ነው። ቦርዱ እንዲህ ላለው አነስተኛ ክፍያ የገንዘብ ጣሪያ ይወስንና የሚሞላ ቅጽ ያጽድቅ፤ ቅጹም የተከፋዩን ስምና ቀበሌ፣ የሥራውን ዓይነት፣ ቀኑን፣ መጠኑን በፊደልና በአኃዝ፣ ፊርማውን ወይም የጣት አሻራውን፣ እንዲሁም ክፍያውን ያልፈጸመ የአንድ ምስክር ፊርማ ይያዝ። በዓመት ሁለት ጊዜ የጀልባና የጭነት ዋጋን አጥንታችሁ በቃለ ጉባኤ ብትይዙት «ይህ ዋጋ ከየት መጣ» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናችኋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ብዙዎቹ የጀልባ ባለቤቶች ገንዘብ በስልክ መቀበል ይችላሉ፤ ኔትወርክ ባለበት በዚያ መክፈል ማስረጃውን በራሱ ይሠራል። ከሁሉ በላይ ግን ከወዳጅ ሱቅ ባዶ ደረሰኝ ለምኖ በመሙላት ጉድለቱን የሚሸፍን ሰው፣ ሐቀኛ የሆነውን ወጪ በገዛ እጁ ወደ ሐሰተኛ ሰነድ ይለውጠዋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሥራውን ያጣው ሰው አንድ ብር አልወሰደም ነበር።

«ለአዲስ ፕሮጀክት የደመወዝ በጀት ስናዘጋጅ ከጥቅል ደመወዙ ሌላ ምን መያዝ አለብን?» — ጀማሪ ሒሳብ ባለሙያ

የአሠሪውን የጡረታ መዋጮ። ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቀነሳል፤ አሠሪው ግን ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል፤ የሚረሳው ሁልጊዜ ይህ 11 በመቶ ነው። ከሐምሌ 2017 ወዲህ የሥራ ግብር ስሌት ስለተለወጠና እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ገቢ ከግብር ነፃ ስለሆነ፣ በአሮጌው የኤክሴል ቀመር የምትሠሩ ከሆነ ዛሬውኑ አስተካክሉት። የሥራ ስንብት ክፍያን በተመለከተ ከታች እመለስበታለሁ።

«የልጄ ፎቶ ወደ ውጭ አገር ተልኮ አንድ ሰው ይረዳዋል፤ በየዓመቱም ደብዳቤ ይጽፍለታል። በስሙ የሚመጣው ብር ስንት እንደሆነ ብጠይቅ ‹ለሁሉም ልጆች ነው› አሉኝ። ታዲያ ልጄን እየነገዱበት ይሆን?» — እናት፣ ከዘጌ

የተከበሩ እናት፣ ጥያቄዎ ድፍረት ነው ያለዎት ሰው ካለ ተሳስቷል፤ ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ሁሉ ይህን ጥያቄ አስበልጬ አያለሁ።

በስፖንሰር የሚሠሩ ድርጅቶች ብዙዎቹ በአንድ ልጅ ስም የመጣውን ገንዘብ ለዚያ ልጅ ብቻ አያወጡትም፤ ከሌሎች ልጆች ገንዘብ ጋር አደባልቀው ለአካባቢው ትምህርት ቤት፣ ለጤና፣ ለውኃና ለቤተሰብ ገቢ ማስገኛ ያውሉታል። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ፤ ፎቶዋ ሰው ያልሳበላት ልጅ አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ አዲስ ቦርሳ ይዞ ሲመጣ ባዶዋን እንዳትቀር ነው። እኔ በግሌ ይህ አሠራር ከግል ድጎማው የተሻለ ነው እላለሁ። ነገር ግን ትክክል የሚሆነው ለሁለቱም ወገን፣ ማለትም ለሰጪውም ለእርስዎም፣ ከመጀመሪያው በግልጽ ከተነገረ ብቻ ነው። ሰጪው «ለዚህ ልጅ» ተብሎ ተነግሮት፣ እርስዎ ደግሞ «ለሁሉም» ከተባሉ፣ ሒሳቡ አንድ ሳንቲም ሳይጎድል ቢዘጋ እንኳ መሀል ላይ ያልተነገረ ነገር አለ።

በልደት ወይም በበዓል ሰጪው ለይቶ የሚልከው የስጦታ ገንዘብ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ለልጁ ተብሎ የመጣ ስለሆነ ከሌላው ጋር መደባለቅ የለበትም፤ ምን እንደተገዛበት ወላጁ የሚፈርምበት ሰነድ ሊኖረው ይገባል። ሲጠይቁ እንግዲህ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ በቀበሌያችን ባለፈው ዓመት ስንት ብር ወጣ? በምን ላይ? ለልጄ የተለየ ስጦታ መጥቶ ያውቃል? ደግሞም የልጅዎ ፎቶና ደብዳቤ እንዲላክ የፈቀዱበትን ወረቀት ቅጂ ይጠይቁ፤ ፈቃዱን ማንሳትም መብትዎ ነው። እዚህ ላይ ለድርጅቶቹ አንድ ነገር ልጨምር፦ የበጀቱን ማጠቃለያ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከወረቀቱ ዋጋ በላይ ወጪ የለውም፤ ይህ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ እኚህ እናት መልስ ፍለጋ ወደዚህ ዓምድ ባልመጡም ነበር።

«በሕጉ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም ይባላል። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞቻችን ደመወዝና የጀልባው ነዳጅ በየትኛው ይቆጠራል?» — ሥራ አስኪያጅ

ለሦስተኛ ወገን ወይም ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ የሚደነግገው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። የቀደመው አዋጅ 621/2001 ጣሪያውን 30 በመቶ አድርጎት ነበር፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ሕጉ የጠበቀ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በቀድሞው ጊዜ የመስክ ሥልጠናና የክትትል ጉዞ ሳይቀር በአስተዳደር ይመደብ ስለነበረ፣ በተግባር አዲሱ ላልቷል። አሁን አስተዳደር የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘው ነው፤ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ አገልግሎት፣ የመብራትና የኢንተርኔት ክፍያ፣ ኢንሹራንስና የመሳሰለው። ልጆችን ቤት ለቤት የሚጎበኝ ሠራተኛ ደመወዝና እሱን የሚያጓጉዘው ጀልባ ነዳጅ የፕሮግራም ወጪ ናቸው። ያው ጀልባ የቦርድ አባላትን ለስብሰባ ሲያመላልስ ግን ወደ አስተዳደር ይሻገራል፤ ስለዚህ የጉዞ መዝገብ ያዙ። ጊዜው ለሁለቱ የተከፈለ ሠራተኛ ካለም፣ ለምሳሌ የሒሳብ ሹሙ ግማሽ ቀን በፕሮጀክት ሒሳብ ላይ ከዋለ፣ ክፍፍሉ የሚደገፈው በየወሩ በተፈረመ የሥራ ሰዓት መዝገብ ነው፤ በግምት የተጻፈ መቶኛ ግን አይደግፈውም። የለጋሹ ጣሪያ ከሕጉ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ለየብቻ አስሉ።

«የአንዱ ፕሮጀክት ገንዘብ ሲዘገይ ከሌላው ተበድረን ደመወዝ እንከፍላለን፤ ገንዘቡ ሲመጣ እንመልሳለን። ነውር አለው?» — ሒሳብ ሹም

አለው። በብዙ ውሎች በግልጽ የተከለከለ ነው፤ ተመልሶ ቢሞላም በባንክ መግለጫው ላይ ይታያል፤ ያበደረው ፕሮጀክት በዚያ ሳምንት ለልጆች ምግብ መግዛት ቢኖርበትስ? ለዚህ የሚሆነው ከአባላት መዋጮና ከራሳችሁ ገቢ የተጠራቀመ፣ በቦርድ ውሳኔ የሚንቀሳቀስ የድርጅቱ የራሱ ተጠባባቂ ገንዘብ ነው። እስኪጠራቀም ድረስ የለጋሹን መዘግየት በደብዳቤ አስታውቁ፤ ደመወዝ መዘግየቱንም ለሠራተኞች በወቅቱ ንገሩ።

«ለጋሻችን ሥራውን ባለበት እንድናቆም በኢሜይል አሳውቆናል። የተገዛ ዕቃ በመጋዘን አለ፣ ያልተከፈለ አቅራቢ አለ፣ 14 ሠራተኞች አሉ። ከየት እንጀምር?» — ሥራ አስኪያጅ፣ ከባሕር ዳር

የአሜሪካ መንግሥት ጥር 12 ቀን 2017 የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀናት ካገደ በኋላ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለብዙዎች ደርሷል፤ የዩኤስኤአይዲ ዕርዳታም በሰኔ 2017 ማብቂያ ላይ ቆሟል። ለጋሻችሁ ማንም ይሁን፣ መጀመሪያ የሚወሰነው ቀን ነው፤ ማስታወቂያው ከደረሰበት ሰዓት በፊት የተገባ ግዴታና ከዚያ በኋላ የተገባው ይለያያሉና፣ በዚያው ዕለት የግዢ ትእዛዞችን፣ የተፈረሙ ውሎችንና ያልተወራረዱ ቅድሚያ ክፍያዎችን ዝርዝር አውጥታችሁ ቦርዱ ይፈርምበት። ዕቃ ደርሶ በሞዴል 19 (በዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ገቢ ከሆነና ክፍያው ብቻ ከቀረ፣ አቅራቢው መከፈል እንዳለበት ለለጋሹ በሰነድ አስረዱ። አዲስ ግዢ ግን፣ ፕሮፎርማው ቢሰበሰብም፣ አትፈርሙ።

በመጋዘን ያለው ዕቃ ይቆጠር፤ ጊዜው የሚያልፍበት አልሚ ምግብ ካለ ለብቻው ይዘርዘርና ለልጆቹ እንዲከፋፈል ወይም ለጤና ጣቢያ እንዲተላለፍ በአስቸኳይ ፈቃድ ይጠየቅ። «ሥራ አቁሙ» የሚለው ትእዛዝ ምግብ በመጋዘን ይበላሽ ማለት እንዳልሆነ ብዙውን ጊዜ ለጋሹ ራሱ ይስማማል፤ የሚያስፈልገው የሚጠይቀው ሰው ነው።

ሠራተኞችን በተመለከተ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ አንድ ሦስተኛ ሲሆን፣ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም፤ አራት ዓመት ያገለገለ ሰው ስለዚህ የ60 ቀን ይደርሰዋል። በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ከሆነ ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይተመናል። ይህ ሁሉ በየዓመቱ በበጀቱ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አያስጨንቃችሁም ነበር፤ አሁን ግን በመዝጊያ በጀት ውስጥ አስገብታችሁ ጠይቁ፤ ለጋሹ ከፊሉን ብቻ ቢቀበል ቀሪው የድርጅቱ ዕዳ መሆኑን ቦርዱ ከወዲሁ ይወቅ።

የመዝጊያ በጀቱን የሚያዘጋጅ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ይዘነጋል። በፕሮጀክቱ ላሉ ቤተሰቦች ድጋፉ በየትኛው ቀን እንደሚቆም፣ ለምን እንደሚቆምና የልጆቻቸው መረጃ የት እንደሚቀመጥ በየቀበሌው ሄዶ መናገር ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሠራተኞቹ ከመሰናበታቸው በፊት አንድ ሳምንት፣ ለሐይቁ ማዶ ቀበሌዎችም የጀልባው ኪራይና ነዳጅ በመዝጊያ በጀቱ ውስጥ ይያዝላቸው።